ድንበር የማይሻገር ፈቃድ፦ በአሜሪካ ሽጉጥ የመታጠቅ መብትና የነዋሪነት ታሪክ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ዋሽንግተን ዲሲን አቋርጦ አሌክሳንድሪያ ለመድረስ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን መንገድ እንደ ሰፈራቸው ያውቁታል። የአንዱ ቤት ሜሪላንድ፣ ሥራው ዲሲ፣ ዘመዱ ደግሞ ቨርጂኒያ ነው። የመንጃ ፈቃዱ በሦስቱም ቦታ ይሠራል። የጋብቻ ወረቀቱም እንደዚያው። አንድ ወረቀት ግን ድልድዩን አይሻገርም፤ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ። ቨርጂኒያ ውስጥ በፍርድ ቤት ፈቃድ ሽጉጡን ታጥቆ የሚሄድ ሰው፣ እንደታጠቀ የፖቶማክን ወንዝ ከተሻገረ፣ በዚያው ቅጽበት በወንጀል የሚያስከስስ ነገር ይዟል። ዲሲም ሆነች ሜሪላንድ የሌላ ግዛት ፈቃድ አይቀበሉም።

ለምን? ብዙ ሰው በአንድ ቃል ይመልሳል፦ ፌዴራሊዝም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ሕግ ይተዳደራል። መልሱ ስህተት የለበትም፤ ግን ጎደሎ ነው። ከ200 ዓመት በፊት አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች መሣሪያ መደበቅን ሲከለክሉ፣ ከክልከላው ነፃ ያወጡት መንገደኛውን ነበር። ዛሬ ነዋሪው ይፈቀድለታል፣ የሚያዘው መንገደኛው ነው። ፌዴራሊዝሙ ያኔም ነበረ፣ ዛሬም አለ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ታሪኩም የሚነገረው ከዚያ ለውጥ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

◾️ መንገደኛው የተፈቀደለት ዘመን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መሣሪያን በግልጽ መያዝ በአብዛኛው ነውር አልነበረም። ነውሩ መደበቅ ነበር። ሽጉጡን ከኮቱ ሥር የሸሸገ ሰው ጎረቤቱን ሊያጠቃ ያሰበ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1813 ኬንታኪና ሉዊዚያና ደብቆ መያዝን የሚከለክሉ ሕጎች አወጡ። ኢንዲያና በ1820 ተከተለች፤ ሌሎች የደቡብ ግዛቶችም በቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት ውስጥ።

የኬንታኪ ሕግ የኪስ ሽጉጥ ወይም ጩቤ ደብቆ የተገኘን ሰው ከ100 ዶላር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል፤ በጉዞ ላይ ያለ ሰው ካልሆነ በቀር። የኢንዲያናም ሕግ መንገደኞችን እንደማይመለከት በግልጽ አስፍሯል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። በመንደሩ ያለ ሰው ጎረቤት አለው፣ ዳኛ አለው፣ ቢጮህ የሚደርስለት አለው። ጫካ አቋርጦ የሚሄድ ሰው ግን ከራሱ በቀር ማንም የለውም። ስለዚህ ሕጉ መሣሪያውን የፈቀደው መሣሪያው ለሚያስፈልገው ነበር።

ቴክሳስ በ1871 ሽጉጥ መያዝን ስትከለክል እሷም መንገደኛውን ነፃ አደረገች። የቴክሳስ ፍርድ ቤቶችም ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አንድ ጥያቄ ሲያከራክራቸው ኖረ፦ መንገደኛ የሚባለው ማን ነው? ምን ያህል ርቆ የሄደ? ከቤቱ ውጭ ያደረ? ጥያቄው የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የዛሬው ጥያቄ መስተዋት ነው። ያኔ ሰው ከቅጣት ለማምለጥ መንገደኛ መሆኑን ያስረዳ ነበር፤ ዛሬ ነዋሪ መሆኑን ያስረዳል።

◾️ ዋና ዳኛ ቴኒ የፈሩት

መሣሪያና የግዛት ድንበር በአሜሪካ ሕግ ውስጥ በግልጽ የተገናኙበት አንዱ ቦታ የታሪክ ጥቁር ነጥብ ተብሎ የሚታወቀው ፍርድ ነው። ድሬድ ስኮት በባርነት ተይዞ ከሚዙሪ ወደ ኢሊኖይ፣ ከዚያም ባርነት ወደተከለከለበት የሰሜን ምድር ተወስዶ ኖሯል። ሚዙሪ ከተመለሰ በኋላ፣ በነፃ ምድር ስለኖርኩ ነፃ ሰው ነኝ ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ በመሠረቱ የነዋሪነት ጉዳይ ነበር፦ በአንድ ግዛት የተገኘ መብት ድንበር ሲሻገር አብሮ ይሻገራል ወይ?

በ1857 ዋና ዳኛ ሮጀር ቴኒ የሰጡት መልስ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጎች አይደሉም የሚል ነበር። ዜጎች ናቸው ቢባል የሚመጣውን ሲዘረዝሩ ግን ሳያስቡት ትልቅ ነገር ተናገሩ። ዜጋ ከሆኑ፣ አሉ ዳኛው፣ ማለፊያ ወረቀት ሳይጠየቁ ወደፈለጉት ግዛት መግባት፣ በአደባባይ መናገርና መሰብሰብ፣ በሄዱበት ሁሉም መሣሪያ መያዝ ይችላሉ። ለቴኒ ይህ የሚያስፈራ ውጤት ነበር። ለዛሬ አንባቢ ግን ምስክርነት ነው፤ በዚያ ዘመን የነበሩ አሳዳሪዎች ጭምር የዜግነት መብት ከሰውየው ጋር ይጓዛል ብለው ያምኑ እንደነበር ያሳያል።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነገሩ በተግባር ታየ። በ1865 ሚሲሲፒ ባወጣችው ሕግ፣ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው ከካውንቲው ቦርድ ፈቃድ ካላገኘ መሣሪያ መያዝ አይችልም። ፈቃዱን የሚሰጡት የአካባቢው ነጭ ባለሥልጣናት ናቸው። በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይህን ዓይነቱን ሕግ ለመስበር የታሰበ ነበር። ቀለም የሚጠቅሱት ሕጎች ጠፉ። ፈቃድ የሚለው ሐሳብ ግን ቀረ።

◾️ ከትውውቅ የተወለደ ወረቀት

ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው? በመጀመሪያ ትርጉሙ፣ አንድ ባለሥልጣን “ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ጠባዩም መልካም ነው” ብሎ መመስከሩ ነው። ሸሪፉ፣ የካውንቲው ዳኛ ወይም የከተማው ፖሊስ አዛዥ አመልካቹን ያውቀዋል፣ ካላወቀውም የሚያውቁትን ይጠይቃል። ነገሩ የሚሠራው ሰውና ባለሥልጣን በሚተዋወቁበት ቦታ ነው። ትውውቅ ደግሞ ድንበር አይሻገርም። ነዋሪነት ከፈቃዱ ጋር የተጋባው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍሎሪዳ በ1893 ተደጋጋሚ ተኳሽ ጠመንጃ ለመያዝ የካውንቲ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ደነገገች። በሕጉ ላይ ቀለም የሚባል ቃል የለም። በ1941 ግን የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ቡፎርድ ባሰፈሩት የተለየ አስተያየት፣ ሕጉ የወጣው ጥቁር የቀን ሠራተኞችን ትጥቅ ለማስፈታት እንደነበርና ነጮች ላይ ይፈጸማል ተብሎ ታስቦ እንደማያውቅ ጻፉ።

በሰሜን የተጠረጠረው ሌላ ሰው ነበር፦ ስደተኛው። ፔንሲልቬኒያ በ1909 ዜግነት ያላገኙ የውጭ ተወላጆች አደን እንዳያድኑ፣ ለዚህም ጠመንጃ እንዳይኖራቸው ከለከለች፤ በ1914 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን አጸና። ተከሳሹ ጣሊያናዊ ነበር። ኒው ዮርክ በ1911 በፖለቲከኛው ቲሞቲ ሰሊቫን ስም የሚጠራውን ሕግ አወጣች፤ ሽጉጥ ያለ ፈቃድ መያዝ ከባድ ወንጀል ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አመልካቹ መልካም ጠባይና “በቂ ምክንያት” እንዲያሳይ ተጠየቀ። ምክንያቱ በቂ መሆኑን የሚወስነው ፈቃድ ሰጪው ነው።

ይህ ሥልጣን እንዴት እንደሚሠራ የ1956ቱ የሞንትጎመሪ፣ አላባማ ታሪክ ያሳያል። የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት ሚስታቸውና ሕፃን ልጃቸው ውስጥ እያሉ ቦምብ ተወረወረበት። ኪንግ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ ጠየቁ። በዚያች ከተማ ከእሳቸው የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው መፈለግ ከንቱ ነው። ተከለከሉ። ባለሥልጣናቱ ኪንግን በሚገባ ያውቋቸው ነበር፤ ችግሩም ያ ነበር።

◾️ ነዋሪነት የፌዴራል ሕግ ሆነ

እስከ 1960ዎቹ ድረስ የፌዴራል መንግሥቱ ሰው የት እንደሚኖር ብዙም አይጠይቅም ነበር። ፕሬዝዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ በፖስታ የታዘዘ ነበር። በ1968 ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በሁለት ወር ልዩነት ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ፕሬዝዳንት ጆንሰን የመሣሪያ ቁጥጥር ሕጉን ፈረሙ። ሕጉ ሰው ሽጉጥ የሚገዛው በሚኖርበት ግዛት ብቻ እንዲሆን አደረገ። ነዋሪ የሚባለውም በግዛቱ የሚገኝና ቤቴ ብሎ ለመኖር ያሰበ ሰው ነው። ለወታደር መኖሪያው ቋሚ ምድቡ ያለበት ግዛት ነው።

ለስደተኞች ተጨማሪ ግድግዳ ነበር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መግዛት ቢችልም፣ በግዛቱ ለ90 ቀናት መኖሩን እንዲያረጋግጥ ይጠየቅ ነበር፤ ዜጋው ግን ትናንት ቢገባም ዛሬ ነዋሪ ነው። ይህ ልዩነት የተነሳው በ2012 ነው። ስለዚህ ከሚኒሶታ ወደ ቴክሳስ የሄደ የአንድ ቤተሰብ አባላት፣ አንዱ ዜግነት ወስዶ ሌላው ግሪን ካርድ ይዞ ቢሆን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አንዱ ነዋሪ፣ ሌላው ገና ያልሆነ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም።

በ1986 ኮንግረስ መንገደኛውን በከፊል አስታወሰ። መሣሪያ ከሚፈቀድበት ቦታ ተነስቶ ወደሚፈቀድበት ቦታ የሚጓዝ ሰው በመካከል ያሉትን ግዛቶች እንዲያልፍ ተፈቀደለት። መሣሪያው ግን ጥይት ያልጎረሰ፣ ከተሳፋሪው እጅ የራቀ መሆን አለበት፤ መኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ከሌለው በተቆለፈ ሣጥን። በሌላ አነጋገር ሕጉ ያሳለፈው ሽጉጡን እንደ ዕቃ ነው፤ ታጥቆ የሚሄደውን ሰው አይደለም። ከዩታ ወደ ፔንሲልቬኒያ ይሄድ የነበረ አንድ መንገደኛ በኒው ጀርሲዋ ኒውአርክ አውሮፕላን አምልጦት፣ የተቆለፈውን ሻንጣውን ይዞ ሆቴል አደረ። በማግስቱ ኤርፖርት ሲመለስ ተያዘ። ክሱ ቆይቶ ቢዘጋም፣ ካሳ ሲጠይቅ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2010 ሻንጣው ለአንድ ሌሊት እጁ ስለገባ ሕጉ አይጠብቀውም አለ።

◾️ ጥልፍልፉ መንገድ

በ1987 ፍሎሪዳ፣ ያችው የ1893ቷ ፍሎሪዳ፣ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ አወጣች። ባለሥልጣኑ ማን ይገባዋል የማለት ሥልጣኑን አጣ። ብዙ ግዛቶች ተከተሏት። ቀጥሎ አላስካ በ2003፣ አሪዞና በ2010 ፈቃድ የማውጣትን ግዴታ አስቀሩ፤ ቨርሞንት ደግሞ ከመጀመሪያውም ጠይቃ አታውቅም። በ2024 አጋማሽ ያለ ፈቃድ መታጠቅ የሚቻልባቸው ግዛቶች 29 ደርሰው ነበር።

በግዛቶች መካከል የመቀባበል ስምምነት የበዛው በዚህ ጊዜ ነው። ስምምነቱ ግን የጓደኝነት ያህል ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። በታኅሣሥ 2015 የቨርጂኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ ግዛቷ የ25 ግዛቶችን ፈቃድ መቀበል እንደምታቆም አስታወቁ። ከአንድ ወር በኋላ ገዥውና ምክር ቤቱ ተደራድረው፣ በ2016 የወጣው ሕግ የሁሉንም ግዛቶች ፈቃድ ተቀበለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ወረቀት ሞቶ ተነሳ፤ የያዘው ሰው ጠባይ ግን ያው ነበር።

ቤት ለሚቀይር ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሚሺጋንና ኮሎራዶ የሌላ ግዛትን ፈቃድ የሚያከብሩት ባለቤቱ የዚያው የሰጪው ግዛት ነዋሪ ከሆነ ብቻ ነው። እንግዲህ ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ቤት የቀየረ ሰው፣ በእጁ ያለው የቨርጂኒያ ወረቀት የማብቂያ ቀኑ ባይደርስም፣ ሚሺጋን ውስጥ ትርጉሙን ያጣል። በአዲሱ ግዛቱ ደግሞ የሜሪላንድን ፈቃድ ከባዶ ይጠይቃል፤ ሽጉጡንም በ90 ቀናት ውስጥ ያስመዘግባል። መኪናውን ሲያስመዘግብ የሚያስታውሰውን ያህል ይህን የሚያስታውሰው ስንቱ ነው?

◾️ ዋጋውን የሚከፍለው

በጥቅምት 2013 አንዲት የፊላዴልፊያ ነዋሪ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በትራፊክ ፖሊስ እንድትቆም ተደረገች። በፔንሲልቬኒያ የተሰጠ ፈቃድ ነበራት፤ ሽጉጥ መያዟንም ለፖሊሱ ራሷ ነገረችው። ሳትጠየቅ እውነት መናገሯ ታሰረችበት። የኒው ጀርሲ ሕግ ለዚህ ጥፋት ዳኛው በራሱ ሊቀንሰው የማይችል ከሦስት ዓመት ተኩል ያላነሰ እስር ያዛል። ከአንድ ወር በላይ ታስራ ወጣች፤ ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ ጨክኖ፣ ሕዝብ ከጮኸ በኋላ ተመለሰ፤ በ2015 ገዥው ክሪስ ክሪስቲ ይቅርታ አደረጉላት።

ይህች ሴት የተቀጣችው በምን ጥፋት ነው? ማንንም አላስፈራራችም። የወንጀል ታሪክ አልነበራትም። ጥፋቷ ወረቀቷ ከእሷ ጋር ድንበሩን ይሻገራል ብላ ማሰቧ ነው። የ1813ቱ የኬንታኪ ሕግ ቢሆን መንገደኛ ናት ብሎ ይለቃት ነበር።

በሌላ በኩል የኒው ጀርሲም ክርክር መናቅ የለበትም። ሥልጠናና ማጣሪያ የምትጠይቅ ግዛት፣ ያለ ምንም ሥልጠና የታጠቀ የጎረቤት ሰው በመንገዷ ሲያልፍ፣ የራሷ ሕግ በራሷ ምድር ከንቱ ይሆናል። ለራሷ ነዋሪ ያጠበበችውን በር ለእንግዳው በርግዳ እንድትከፍት ማስገደድ ፍትሕ ነው ለማለት ያስቸግራል።

◾️ ፍርድ ቤቶቹ ያረፉበት

ፍርድ ቤቶች ለረጅም ጊዜ ከግዛቶቹ ጎን ቆመዋል። ወላጆቹን ሊጠይቅ ኒው ዮርክ የሚሄድ የቨርጂኒያ ነዋሪ ማመልከት እንኳ ሲከለከል፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2005 ኒው ዮርክን ደገፈ። በ2013 ኮሎራዶ ለነዋሪዎቿ ብቻ ፈቃድ መስጠቷ ጸና። ሕጋቸው ከእሷ ሕግ ጋር ከማይመሳሰል ግዛቶች የሚመጡ አመልካቾችን የማትቀበለው ኢሊኖይም በ2019 ረታች። ምክንያታቸው ተመሳሳይ ነበር፦ ግዛቱ የማያየውን፣ የማያውቀውን ሰው ሊከታተል አይችልም። ያው የትውውቅ ክርክር ነው።

በሰኔ 2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ የኒው ዮርክን የ1913 “በቂ ምክንያት” ጣለ። በአደባባይ መታጠቅ መብት ነው፣ ባለሥልጣኑም ለማን እንደሚገባ በራሱ ፈቃድ ሊመርጥ አይችልም አለ። ነዋሪነትን በተመለከተ ግን ምንም አላለም። ጥያቄው ግን በራሱ ጊዜ መጣ፤ የታወቀ ሰው ብቻ ይታጠቅ የሚለው ሐሳብ ከወደቀ፣ እንግዳን ስላላወቅነው አንሰጠውም የሚለው በምን ይቆማል?

መልሱን በግልጽ የሰጠው በመጋቢት 2025 የማሳቹሴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱ ጉዳዮች የጎረቤቷ የኒው ሃምፕሻየር ነዋሪዎች ነበሩ። የቀድሞው ሕግ ለእንግዳው ፈቃድ መስጠትና መከልከልን ለባለሥልጣኑ ውሳኔ የተወ ስለነበር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተባለ። አዲሱ ሕግ ግን መስፈርቱን ያሟላ እንግዳ ሁሉ እንዲሰጠው ስለሚያዝ ጸና። ማለትም፦ ግዛቱ እንግዳውን ፈቃድ ሊጠይቀው ይችላል፤ እንግዳ ስለሆነ ብቻ ግን በሩን ሊዘጋበት አይችልም።

◾️ የተገለባበጡ አቋሞች

ኮንግረስ ነገሩን በአንድ ሕግ ለመቁረጥ ደጋግሞ ሞክሯል። በ2004 ለፖሊሶችና በጡረታ ለወጡ ፖሊሶች በመላ አገሪቱ የመታጠቅ መብት ሰጠ። ለሌላው ሕዝብ ግን አልሆነም። ሴኔት ውስጥ በ2009 ደጋፊዎቹ 58፣ በ2013 ደግሞ 57 ድምፅ አግኝተው፣ ከሚያስፈልገው 60 ጎደሉ። በታኅሣሥ 2017 የተወካዮች ምክር ቤት 231 ለ198 አጽድቆት ሴኔት ሳያነሳው ቀረ። በ2025 መጀመሪያም እንደገና ቀረበ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሁሉም ልብሱን ቀይሯል። የግዛቶች ነፃነት ይከበር እያለ የኖረው ወገን የፌዴራሉ መንግሥት ግዛቶችን ያስገድድ ይላል። የፌዴራል ሕግ ይቅደም ሲል የኖረው ወገን የኒው ጀርሲ ሉዓላዊነት ጠበቃ ሆኗል። ፌዴራሊዝም ለብዙ ፖለቲከኛ መርሕ አይደለም፤ ዝናብ ሲመጣ የሚዘረጋ ጃንጥላ ነው። ይህን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድም አያስፈልግም።

ሁለቱም ጽንፎች የሚያጡት ነገር አለ። ሁሉም ወረቀት በሁሉም ቦታ ይሥራ ቢባል፣ የላላው ግዛት ሕግ የሁሉም ግዛቶች ሕግ ይሆናል፤ የሜሪላንድ ወይም የኢሊኖይ መራጭ ስለ ራሱ መንገድ የመወሰን ድምፁን ያጣል። ወረቀት ሁሉ ድንበር ላይ ይሙት ቢባል ደግሞ፣ ለሥራ፣ ለትምህርትና ለቤተሰብ ከግዛት ግዛት የሚዘዋወረው ሰው መብቱን በየድልድዩ ይጥላል፤ ከነዚህም ውስጥ ጠበቃ የማይገዛው ድሃና አገሩን ገና የሚለምደው ስደተኛ ቀድሞ ይያዛል።

የሁለት መቶ ዓመቱ ታሪክ የሚያሳየው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ማሳቹሴትስም የደረሰችበት እሱ ነው። ግዛቱ መስፈርቱን ያውጣ፣ ለራሱ ነዋሪ የሚጠይቀውን ሥልጠናና ማጣሪያ ለእንግዳውም ይጠይቅ፤ ነገር ግን መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ፣ የት እንደሚያድር ሳይለይ፣ በተወሰነ ቀንና በሚቻል ዋጋ ይስጥ። በቅንነት የተሳሳተውንም መንገደኛ ከዘራፊ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዝን፤ ዳኛው ሰውየውን አይቶ የሚፈርድበት ቦታ ይተውለት።

ፈቃድ “አውቀዋለሁ” ማለት በነበረበት ዘመን፣ ሚሲሲፒ ነፃ የወጣውን፣ ኒው ዮርክ ስደተኛውን፣ ሞንትጎመሪ ኪንግን አላውቅህም ብለዋል። ዛሬ ያ ሥልጣን በሕግ ወድቋል። “ነዋሪ አይደለህም” የሚለው ቃል ግን ያንኑ ሥራ በሌላ ስም እንዳይሠራ የሚጠብቀው፣ ይህን ታሪክ የሚያስታውስ ዳኛና መራጭ ብቻ ነው።